የናሙዎንጎው ቅኔ ቤት

ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ካምፓላ የደረሰው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው የምኖረው። የቅኔ ቤትን ታሪክ የሰማሁት እዚሁ፣ ጎጃም ተምረው ካደጉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ነው። እሑድ እሑድ ቡና አፈላላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ፣ ቅኔ በጆሮ ነው የሚገባ» ብለው ይጀምራሉ።

መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው ሰምቶ ይቀጽላል፤ ብራና የለ፣ ቀለም የለ። ቀን አኩፋዳውን ይዞ እህል ይለምናል፤ ከዚያ ጥግ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት ይደርሳል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤት ከጎደለ ወይም ምሥጢር ከተፋለሰ መምህሩ እዚያው ያቃናሉ። እኔን እጅግ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ እርማቱ ከአፍ ወጥቶ በጆሮ ይገባል፣ ተማሪውም ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአንደበታቸው ሰምተው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ»ን ባያሳትሙ ኖሮ፣ ስለ ቆሎ ተማሪ ሕይወት የምናውቀው ምን ያህል በሳሳ ነበር! ስለዚህ ጎረቤቴን ሳዳምጥ አላቋርጣቸውም። ባቡር ሲያልፍ ዝም ይላሉ፤ እኔም የጀበናውን ውኃ እጨምራለሁ። ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።