ፌንጣዋ፦ የቮልስ የልጅ ልጅ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ዓለም ገና ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። በዚህ መገንጠያ ያደገ ትልቅ ሰው ቮልስን በደንብ ያውቃታል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በእሷ ነበር። ይህችው መኪና በዓለም ዙሪያ ልጆችን ጥገና ያስተማረች የአንዲት ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና አያት ናት።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ክብደቱም ኃይል በሚያገኙት ጎማዎች ላይ ያርፋል። አሸዋ ለመውጣት የሚፈለገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ብሩስ ማየርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ጀልባ ሠሪ በቮልስ ሞተርና እግሮች ላይ የፋይበርግላስ አካል ገጥሞ ማየርስ ማንክስ የተባለችውን ባጊ (የአሸዋ መኪና) ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንክስ በመጀመሪያው የሜክሲካን 1000 ውድድር የባሃን በረሃ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ አቋርጣ አሸነፈች።

ወደ ትንንሾቹ መኪኖች ስንመጣ፣ የጃፓኑ ታሚያ ያኔ የሞዴል መኪኖች ሠሪ ነበር። በ1946 በሺዙኦካ ከተማ በእንጨት ሥራ የተቋቋመው ይህ ድርጅት የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትነዳ መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 ነው። ለዚህም እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ ፈታትቶ አጥንቷል። ያቺ መኪና ለለስላሳ አስፋልት ነበረች። በ1979 ግን ራፍ ራይደርና ሳንድ ስኮርቸር አሸዋና ጠጠር ላይ ወጡ። ሳንድ ስኮርቸር የቮልስን አካል ለብሳ፣ የፊት እግሯንም አሠራር ሳይቀር ቀድታ መጣች። ብረታ ብረቷ ብዙ፣ ዋጋዋም የዚያኑ ያህል ነበር፤ ለጀማሪ ልጅ ኪስ አልሆነችም።

መፍትሔው በ1984 መጣ፤ ግራስሆፐር፣ ፌንጣ ማለት ነው። ሻንሲዋ ባለ ብዙ ክፍል ብረት መሆኑ ቀርቶ እንደ ገንዳ የተቀረጸ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ሆነ፤ ባትሪውና ሬዲዮው እዚያው ውስጥ ይቀመጣሉ። በኩሽኔታ ፋንታ በአብዛኛው ተራ ቡሽ ተገጠመላት። ሞተሯ 380 የሚባለው ትንሹ ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣችው እህቷ ሆርኔት ግን ጠንካራውን 540 ይዛለች። ሞተሩ እንደ ቮልስ ከኋላ አክሰል ጀርባ ተንጠልጥሏል። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክሰል ስለሚያያዙም አንዱ ጠጠር ሲመታ ሌላው አብሮ ይዘላል። ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው በትንሽ ሞተር የሚገፋ ማብሪያና ኃይል የሚገታ ሬዚስተር ነበር፤ በግማሽ ፍጥነት ሲነዷት ከባትሪው ኃይል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ናቸው። ነገር ግን ዋጋዋን ያወረዱት እነዚሁ ናቸው፤ አንድ ልጅም በካቻቢቴ ገጣጥሞ፣ ሰብሮ፣ እንደገና ሊጠግናት ቻለ።

ውድድሩ ራሱ ሥርዓት ይጠይቅ ነበር። መኪኖቹ በ27 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይሠሩ ስለነበር ሁለቱ አንድ ዓይነት ክሪስታል (ሞገዱን የሚወስነውን ክፍል) ከያዙ አንዱ የሌላውን መሪ ይነጥቃል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ሞገድ ይከፋፈሉ ነበር። በዚያው በ1984 የአሜሪካው ኩባንያ አሶሺየትድ በአሉሚኒየም ሻንሲ አርሲ10ን አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት በካሊፎርኒያ ዴል ማር ከአስፋልት ውጭ የሚነዱ የሬዲዮ መኪኖች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ባለ ሁለት ጎማ ነጂውን ክፍል ያሸነፈችው እሷ ናት። ፌንጣዋ እዚያ መድረክ ላይ ተፎካካሪ አልነበረችም። የእኔ ፍርድ ግን ለእሷ ያደላል፤ ሻምፒዮናዋ መኪና ውድድሩን ከፍ አደረገችው፣ ፌንጣዋ ደግሞ በሩን ከፈተችለት።

ታሚያ በ2005 ዳግም ሠርቶ አወጣት። አሠራሯ በአብዛኛው ያው ነው፤ ሞገድ መከፋፈል ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ቀርቷል። ዲፈረንሻሏን መክፈት ለሚችል ልጅ መኪና ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎች ለምን በተለያየ ፍጥነት እንደሚዞሩ በእጁ ላይ ይታየዋል። ዓለም ገና የመንገዶች አስተዳደር የማሠልጠኛ ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ጋራዦች አሉ። የሙያ መምህራን ከአንድ ትልቅ የተቃጠለ ሞተር ጎን አንዲት እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡ ለተማሪዎቻቸው ትልቅ ውለታ ይሠራሉ።