የዶክትሬቱ ጥያቄ ከየት ይምጣ?

መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፤ ቁጥቋጦው ደግሞ ማገዶ ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም መኖሪያቸው እዚያው ነው።

የአስቦና የጌራ ተወላጆች ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሕዝቡ የመረጠው አባ ቄራ «ተዘግቷል» ካለ ሦስትም አምስትም ዓመት ማጭድ አይነካውም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ።

ዘላለም ተፈራ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ጥናት፣ የጋራ መሬት በጋራ ሕግ እንዴት ሊጠበቅ እንደቻለና ይህ ለቀይ ቀበሮው ምን እንዳተረፈ ይመረምራል። ማዕረጉ የተሰጠው እንግሊዝ አገር ነው፤ ጥያቄው ግን የመንዝ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለመነጋገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1978፣ የመጀመሪያዎቹ የዶክትሬት ፕሮግራሞች የተጀመሩት ደግሞ በ1987 ነው። ከዚያ በፊት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዶክተር መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ መሻገር ግዴታው ነበር። የሚሄደው በሌላ አገር ገንዘብ፣ ወደ ሌላ ሰው ቤተ ሙከራ ነው። የቤተ ሙከራው ባለቤት ደግሞ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነውር የለበትም፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው የራሱ ችግር እንዲፈታለት ይፈልጋል። ግን የእኛ ምርጥ ጭንቅላት አራትና አምስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ጥያቄ ሲመልስ፣ የእኛ ጥያቄ ጠያቂ አጥቶ ይቀመጣል።

ጥፋቱ ውጭ አገር መማር አይደለም። ያሬጋል አሰብዬን እንመልከት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ለዶክትሬት የሠሩት ስዊድን ውስጥ ነው። ከሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲው ከጆሴፍ ቢጉን ጋር እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ያሳተሟቸው ጥናቶች ጉዳያቸው ፊደላችን ነው፦ ኮምፒውተር የታተመና በእጅ የተጻፈ አማርኛን እንዴት ያንብብ? የላቲን ፊደል 26 ነው። የእኛ ከነዝርዝሩ ከ200 ይበልጣል፤ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለያቸውም አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ስለዚህ ፊደሉን ወደ መሠረታዊ መስመሮቹ በትኖ የመስመሮቹን ዝምድና የሚያነብ ዘዴ አቀረቡ። ሒሳቡ የዓለም ነው፤ ጥያቄው ግን ከቄስ ትምህርት ቤት ሰሌዳ የወጣ ነው። ይህን ጥያቄ እኛ ካልጠየቅነው ስዊድናዊ ተነሥቶ ይጠይቅልናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

«ሳይንስ አገር የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሕግ ሙኒክም መሐል ሜዳም አንድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሕጉ አንድ ነው። ችግሩ ግን አንድ አይደለም።

ወደ ጓሳ ልመልሳችሁና አንድ ምሳሌ ላንሳ። ቁጥቋጦው የሚቆረጠው ለማገዶ ነው፤ ማገዶ በብዛት ከሚፈጀው ነገር አንዱ ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ለጓሳ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ምጣድ ማሟቅ ሌላ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህ የ10 ዋት አምፖል ቢሆን 300 እና ከዚያ በላይ ያበራል። ተራራ ለተራራ ተበታትኖ በሰፈረ መንደር፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ፣ እናቶች ጠዋት በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲሰኩ ቮልቴጁ ይወርዳል። ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነው። 220 የነበረው ወደ 198 ሲወርድ፣ ማለትም 10 በመቶ ሲቀንስ፣ ሙቀቱ 19 በመቶ ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም። እናቲቱም ወደ ማገዶዋ ትመለሳለች።

መስመሩን ማወፈር? ትራንስፎርመር መጨመር? ሙቀት አጠራቅሞ የሚያቆይ ምጣድ መሥራት? ወይስ መንደሩ በራሱ ፀሐይና ነፋስ ራሱን ይቻል? በየትኛው ወጪ? ይህ ለዶክትሬት የሚበቃ፣ ምናልባትም ለብዙ ዶክትሬት የሚተርፍ ጥያቄ ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስንት ዶክተር እንዳላቸው ይቆጥራሉ። ቁጥሩ አይጠላም። ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በየዓመቱ ያልተፈቱ ችግሮቹን ከነመረጃቸው ለዩኒቨርሲቲዎች ቢያቀርብ፣ መምህራኑም ተማሪውን ርዕስ ከማጽደቃቸው በፊት «ይህን ችግር ማን ቤት አየኸው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ከቁጥሩ የበለጠ ፍሬ እናያለን። ተማሪውም ቢሆን ርዕሱን ከመጽሔት ገጽ ብቻ ከሚለቅም፣ አንድ ሳምንት መስመሩ የሚያልቅበት መንደር ቢሰነብት ያተርፋል።

የመንዝ ሰው ማዕረግ ሳይኖረው ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ጠይቆ፣ መልሱን ለትውልድ አውርሷል። ዶክተሮቻችን ከእሱ ጥያቄ ቢጀምሩ አይዋረዱም።