ግንድን ማንሣትና ማንከባለል፤ ስለ አዲስ አበባ ማገዶ ታሪክ

ስለ አዲስ አበባ መቈርቈርና ስለ ባሕር ዛፍ መምጣት ብዙ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ምን እንዳዘዙ፣ ዘሩን ማን እንዳመጣው፣ ዛፉ ምድሩን ጠቀመው ወይስ ጐዳው የሚለው ክርክር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። የተቈረጠው ዛፍ ግን ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ተገላብጦ፣ ተመትሮና ተፈልጦ ምድጃ እስኪደርስ ድረስ በማን ጉልበትና በምን መሣሪያ እንደ ተጓዘ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ተራ የጉልበት ሥራ ስለ ኾነ የታሪክ ጸሐፊዎች ዐልፈውት ሄደዋል። ይሁን እንጂ የከተማይቱ የማገዶ ታሪክ ከዐዋጁ ይልቅ በግንዱ ውፍረት ይታወቃል ቢባል ማጋነን አይኾንም።

ከአዲስ አበባ በፊት የነበረው የነገሥታት መዲና አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጦር ሰፈር የሚነሣና የሚተከል ነበረ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጽሑፉ የሚያሳየው ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነው። ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ስፍራ ሲከማች ፈጥኖ ከሚያልቀው ነገር አንዱ በአቅራቢያው ያለው እንጨት ነው። በዚያ ዘመን ከተማው ወደ እንጨቱ ይሄድ ነበረ እንጂ እንጨቱ ወደ ከተማው አይመጣም ነበር፤ ስለዚህም ከባድ ግንድን ከሩቅ አንሥቶ የማምጣት ጥያቄ እምብዛም አልተነሣም። ደኑ ሲሳሳ ድንኳኑ ይነቀላል፤ የተራቈተውም ቦታ በራሱ ጊዜ ያገግም ዘንድ ይተዋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ግን ነገሩ ተለወጠ። ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የመኳንንቱ ግቢዎችና በኋላም የውጭ አገር መልእክተኞች ቤቶች በድንጋይና በእንጨት እየተሠሩ ከተማይቱ ከምድሩ ጋር ተጣበቀች። የእንጦጦ ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ለቤት ሥራ የሚኾነው ወፍራም ጥድ ከመናገሻ ተራራ ይመጣ ነበር፤ ያንንም ደን በትውፊት እንደሚነገረው ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን በ1893 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ መዲናነት ማሠራት የጀመሩት ከዚሁ የእንጨት ችግር የተነሣ ነበረ። መዲናው ሳይዛወር ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ኾነ። ለዚህ ምክንያት ኾነው የሚቈጠሩት በአዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው የሥራ ወጪና የባሕር ዛፍ መልመድ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌው ግንድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ዕድሜ የጠገበ ጥድ ተቈርጦ ሲወድቅ በራሱ ክብደት ዐፈሩን ዘልቆ ይገባል፤ ጉጡም እንደ ቅርቃር ኾኖ ከምድር ያጣብቀዋል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የኾነ ግንድ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። ይኽን በክንድ አቅፎ ማንሣት የማይሞከር ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው መላ ይፈልጋል። ጠንካራ አጣና ወይም ዲጂኖ ከግንዱ ሥር ይሰዳል፤ ከአጣናው በታች ድንጋይ ወይም ጕማጅ እንጨት ይደግፋል፤ ከዚያም የአጣናውን ሩቅ ጫፍ ወደ ታች ይጫናል። ግንዱ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ሌላው ሰው ፈጥኖ ከሥሩ ጕማጅ ይወትፍበታል። እንዲህ እየተደገመ ግንዱ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ ይቀመጥና ይንከባለላል። የአጣናው ረጅሙ ክፍል ከአጭሩ አምስት እጅ ቢበልጥ የአንዱ ሰው ጉልበት የአምስት ሰው ይኾናል፤ በአንጻሩ ግን ግንዱ የሚነሣው እጁ ከወረደበት ርቀት አምስተኛውን ብቻ ነው።

ግንዱን ማንሣትና ማገላበጥ ለጓዝ ብቻ አይደለም። መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ የሚሠነዘር ምሳር እንጨቱን ጨርሶ ሲያልፍ ዐፈርና ጠጠር ይመታል፤ አንድ ጊዜ ጠጠር የመታ ስለት ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ያበላሻል። በመጋዝ ሲኾን ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ግንዱ በሁለት ጫፉ ተደግፎ መካከሉ ባዶ ከኾነ፣ ከላይ የተጀመረው ቍርጥ ወደ መሐል ሲደርስ እንጨቱ ይረግባል፤ የቍርጡም ከንፈር ተገጥሞ መጋዙን ይነክሰዋል። ከድጋፉ ዐልፎ የወጣውን ጫፍ ቢቈርጡት ግን ጫፉ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ሲያዘነብል ቍርጡ ይከፈታል። ዐዋቂ ቈራጭ ስለዚህ አስቀድሞ ግንዱ የት እንደ ተኛ ያያል፤ ከላይ አብዛኛውን ቈርጦ ያቆምና ግንዱን አንከባሎ ቀሪውን በሌላው ጐኑ ይጨርሳል። ይኽ ሁሉ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የሚገኘው በሠራተኛው እጅ ነው።

ቋንቋው ግን የዚህን ሥራ ማስታወሻ ባልተጠበቀ ቦታ አኑሮታል። ድንጋይን ወይም ግንድን ከሥሩ አንሥቶ መገልበጥ «መፈንቀል» ይባላል፤ በኋላ ዘመን የመንግሥትን በኀይል መገልበጥ «መፈንቅለ መንግሥት» ያሰኘው ይኸው ግስ ነው። በሌላው በኩል ማንም ሳይከለክለው እንደ ፈቀደ የሚያዝ ገዥ «ፈላጭ ቈራጭ» ይባላል። እንጨት ፈላጩና ቈራጩ ራሱ በአገሩ ልማድ ከዝቅተኞች መካከል ሲቈጠር የሥራው ስም ለፍጹም ሥልጣን መጠሪያ መኾኑ የሚያስገርም ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ እንኳ ገባዖናውያን ተንኰላቸው በተገለጠ ጊዜ የተፈረደባቸው እንጨት ቈራጮችና ውኃ ቀጂዎች ይኾኑ ዘንድ ነው።

ማገዶ የማቅረቡ ሸክም በማን ላይ እንደ ወደቀ የታወቀ ነው። ገባር ለባለ ርስተ ጉልቱና ለመልከኛው ከሚያቀርበው አገልግሎት መካከል እንጨት ማምጣት አንዱ ነበረ፤ በትልልቅ ግቢዎች ደግሞ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ እስኪሻር ድረስ በባሪያና በአሽከር ይሠራ ነበር። ጉልበቱ ያለ ደመወዝ ሲገኝ ባለቤቱ ስለ መሣሪያ አይጨነቅም። ከባድ ግንድ ለማንሣት አንድ ብልህ መሣሪያ ከማሠራት ይልቅ ዐሥር ሰው መጥራት ይቀላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌም ችግሩ የሚፈታው ሰውን በማብዛት መኾኑን ይመሰክራል።

የሰው እጅ በጠፋበት ቦታ ነገሩ እንዴት እንደ ኾነ ለማየት ወደ ሰሜን አሜሪካ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዓመት በሜይን ግዛት የፔኖብስኮት ወንዝ ዳርቻ ትልቅ የጣውላ አገር ነበረ። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ስለ ሜይን ደኖች በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1837 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከባንጐር ከተማ በላይ በወንዙና ወደ እርሱ በሚፈሱት ውኆች ላይ 250 የእንጨት መሰንጠቂያዎች እንደ ነበሩ ያነሣል። ዛፉ በክረምት ይቈረጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ግንዱ በወንዝ ይነዳል፤ በጠባብ ቦታም ሲጣበቅ ሠራተኞች በላዩ ቆመው ያላቅቁታል። በእጃቸው የነበረው ምርኵዝ የመሰለ ረጅም ዘንግ ነበረ፤ በእርሱም ላይ የብረት ሜንጦ በቀለበት ተንጠልጥሏል። ሜንጦው ግንዱን ይነክሳል፤ ዘንጉ ሲገፋ ግንዱ ይንከባለላል። ነገር ግን ቀለበቱ ልል ስለ ኾነ ሜንጦው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይወዛወዝ ነበር፤ ሠራተኛው አንድ እጁን ለቅቆ ካላስተካከለው በቀር በቦታው አይነክስም። በሚንሸራተት ግንድ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ ይኽች ቅጽበት ሞት ልታስከትል ትችላለች።

እንደሚነገረው በ1857 በስቲልዎተር መንደር የሚኖር ጆሴፍ ፒቪ የተባለ ቀጥቃጭ ከድልድይ ላይ ኾኖ ሠራተኞቹ ሲታገሉ ተመለከተ። መላውም ቀላል ነበረ። ሜንጦውን በዘንጉ ላይ በጠበቀ የብረት ማቀፊያ አሰረና ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረገው፤ በዘንጉም ጫፍ ሹል ብረት ተከለበት። መሣሪያው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም «ፒቪ» ይባላል። በየብስ ለሚሠራ ሰው ሹሉ የሌለው ወንድሙ ይበቃል፤ ለማገዶ ቈራጮችም በሜንጦው ትይዩ የብረት እግር የተጨመረበት ሌላ ዐይነት ተሠራላቸው። በዚህኛው ግንዱ ሲንከባለል እግሩ ከሥሩ ይገባና ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ አንድ ሰው ያለ ረዳት፣ መጋዙም ዐፈር ሳይነካው ሊቈርጥ ይችላል። ግንድን በወንዝ መንዳት በሜይን በ1976 ሲያበቃ፣ የቀጥቃጩ መሣሪያ ግን ማገዶ በሚቈረጥበት ቅጥር ውስጥ ቀረ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምን አልተወለደም? አንጥረኛ ስለ ጠፋ አይደለም። ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር የሚቀጠቅጥ እጅ ሜንጦ ማጕበጥ አያቅተውም። ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ መናቁ እውነት ነው፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞች እንዳይሰደቡ ማወጃቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። ዋናው ምክንያት ግን ከዛፉ የመጣ ይመስላል።

ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲገባ ያመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለሌሎችም የሚሰጡ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለተከለ ሰው የግብር ምሕረት አደረጉ፤ ከተማይቱም በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በጫካ ተከበበች። የዛፉ ታላቅ ጠባይ ፈጥኖ ማደጉ ብቻ ሳይኾን ከተቈረጠም በኋላ ከጕቶው ብዙ ቡቃያ ማውጣቱ ነው። ባለ መሬቱ ስለዚህ ዛፉ እስኪወፍር አይጠብቅም፤ በየጥቂት ዓመቱ ቀጭኑን ይቈርጣል፤ ይሸጣል፤ ጕቶውም ደግሞ ያበቅላል።

ሒሳቡ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውኃ ብዙ አይርቅም። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የኾነው ግንድ ወደ 280 ኪሎ ይመዝናል፤ ይኽን ለማንሣት አጣና፣ ድንጋይና ጓደኛ ያስፈልጋል። ስፋቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግን ክብደቱ በሦስተኛ ሳይኾን በዘጠነኛ ይቀንሳል፤ ወደ 31 ኪሎ ይኾናል ማለት ነው። ይኽም አንድ ሰው በጀርባው ሊሸከመው የሚችል ነው። እንግዲህ በሜይን ግንዱ ወፍራም እንደ ኾነ ቀርቶ መሣሪያው ለእርሱ ተፈጠረለት፤ በአዲስ አበባ ግን ግንዱ ራሱ በሰው ጀርባ ልክ ተለክቶ በቀለ። የሚንከባለል ነገር ስላልነበረ ማንከባለያም አልተፈለገም።

ይህ መፍትሔ ከተማይቱን አድኗታል፤ ሸክሙን ግን አላነሣም፣ ከብዙ ትከሻ ወደ አንድ ጀርባ አዛወረው እንጂ። ወፍራሙን ግንድ ለማንሣት ወንዶች በኅብረት ይጠሩ ነበር፤ ቀጭኑን እንጨት፣ ጭራሮውንና ቅጠሉን ግን ሴት ብቻዋን ተሸክማ ከእንጦጦ ትወርዳለች። በኋላ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ እንደ ኾነ፣ ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚተካከል የሚሸከሙም እንደ ነበሩ አሳይተዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲኾን በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ጫካም በመንግሥት እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ለቃሚዋ ከሸክሙ በላይ የዘበኛውን ዱላ የምትፈራ ኾነች። እንደ ልማድ ኾኖ ዘበኛው የሚቀማት ብዙውን ጊዜ ምሳሯን ወይም ገመዷን ነው፤ መሣሪያዋ ሁሉ ይኸው ነውና።

ወፍራም ግንድ ፈጽሞ አልጠፋም። በየግቢው አጥር ሥር ሳይቈረጥ የኖረ አሮጌ ባሕር ዛፍ ሲወድቅ፣ ወይም በእንጨት መሸጫው ቅጥር ጕቶ ሲመጣ፣ የቀን ሠራተኛው የሚያደርገው አሮጌውን ዘዴ ነው። በምሳር ስንጥቅ ያበጅለታል፤ ሽብልቅ ይሰድበታል፤ በመዶሻ ይመታዋል። ሽብልቁ ሲጠልቅ ሁለተኛውን ከፊቱ ይተክላል። ግንዱን ማዞር ሲያስፈልገው በአቅራቢያው ካለው ክምር አንድ አጣና መዝዞ ከሥሩ ይሰዳል፤ ሲጨርስም አጣናውን ወደ ክምሩ ይመልሰዋል፣ እርሱም የሚሸጥ ነውና።