ተመርጠው ድምፅ የተከለከሉ ሴቶች

ሴት የከተማ ምክር ቤት አባል መሆኗ ዛሬ ማንንም አያስገርምም። በለንደን ግን ሴቶች በሕዝብ ተመርጠውና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ድምፅ ቢሰጡ የሚቀጡበት ዘመን ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከግብር ነው። በ1869 በወጣ ሕግ፣ በእንግሊዝ አገር በስማቸው የቤት ግብር የሚከፍሉ ሴቶች በከተማ ምክር ቤት ምርጫ እንዲመርጡ ተፈቀደ። ባል ያላቸው ግን አልተፈቀደላቸውም። ስለ መመረጥ ሕጉ በግልጽ ያለው ነገር አልነበረም።

በጃንዋሪ 1889 የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጥ ወይዘሪት ጄን ኮብደንና እመቤት ማርጋሬት ሳንድኸርስት አሸነፉ። ሦስተኛዋን፣ በድሆች መኖሪያ ቤት ሥራ ብዙ የደከሙትን ኤማ ኮንስን፣ ምክር ቤቱ ራሱ መረጣቸው። በሳንድኸርስት የተሸነፈው ተወዳዳሪ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኞቹም ሴት ልትመረጥ አትችልም ብለው ለእሳቸው የተሰጠውን ድምፅ ሰረዙ፤ ወንበሩም ለተሸናፊው ተሰጠ። የመረጣቸው ሕዝብ ያለውን የጠየቀ የለም።

በኮብደን ላይ ግን ተፎካካሪ አልከሰሰም። ምርጫው በ12 ወር ውስጥ ካልተከሰሰ እንደጸና ስለሚቆጠር፣ ኮብደንና ኮንስ ያን ዓመት በትዕግሥት ጠበቁ። ዓመቱ አልፎ ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ ደግሞ አንድ የምክር ቤቱ አባል ኮብደንን ከሰሰ። በ1891 ፍርዱ መጣ፦ ወንበሩ የእሳቸው ነው፣ ድምፅ መስጠታቸው ግን በገንዘብ ያስቀጣል። ሕግ እንዲህ ሲተረጎም አይቼ አላውቅም!

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሁልጊዜ የማስበው ገንዘቡን ነው። ግብሩ ሲሰበሰብ የሴት ነው ተብሎ የተመለሰ የለም። በየሰፈራችን እድርም የወር መዋጮውን ሴቷ ከፍላ፣ ኮሚቴ ሲመረጥ ወንዶች ብቻ የሚጠቆሙበት ጊዜ አለ።

በ1894 የወጣ ሕግ ሴቶችን ለገጠርና ለአነስተኛ የአካባቢ ምክር ቤቶች አበቃቸው። ለትልልቆቹ የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች የተፈቀደው በ1907 ነው። በማግሥቱ ዓመት ሐኪሟ ኤሊዛቤት ጋሬት አንደርሰን የኦልድበራ ከተማ ከንቲባ ሆኑ፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ናቸው። ኮብደንና ኮንስ ይህን ለማየት በቁ። ሳንድኸርስት ግን በ1892 አርፈው ነበር።