ጆሮ ሲለወጥ ጊታሩ ምን ይሆናል?

ኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዛ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ዛሬ የሚወደውን ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚወደውንም የሚያጫውተው የትኛው ነው የሚለው ነው። ሻጩ መልስ አያጣም፤ ብዙ ቁልፍና መቀያየሪያ ያለበትን አውጥቶ ያሳየዋል። የመሣሪያው ታሪክ ግን ከሻጩ መልስ ጋር አይስማማም። ለሁሉ እንዲበቁ ታስቦ መቀያየሪያ የተደረደረባቸው ጊታሮች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ የዘመኑን ጆሮ ተከትሎ ሊሄድ የቻለው ጠጋኝ እንዲፈታውና መልሶ እንዲገጥመው ሆኖ የተሠራው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚነሣ ማየት ያስፈልጋል። የድፍን ኤሌክትሪክ ጊታር ገላ እንደ ክራር ሆድ ድምፅን አያጎላም። ከብረት አውታሮቹ ሥር ፒካፕ የሚባል፣ በማግኔት ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለበት ዕቃ አለ። አውታሩ ሲርገበገብ መግነጢሳዊውን መስክ ስለሚያውከው በጥቅሉ ውስጥ ጥቂት ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩም ይህንኑ ያጎላዋል። ስለዚህም ፒካፑ በአውታሩ ርዝመት ላይ የተቀመጠበት ስፍራ የድምፁን ጠባይ በእጅጉ ይወስነዋል። ወደ አንገቱ ሲጠጋ ወፍራምና ለስላሳ፣ አውታሩ ወደ ታሰረበት ጫፍ ሲጠጋ ቀጭንና የሚወጋ ይሆናል።

ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። በ1938 በካሊፎርኒያ ግዛት በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ጊታር መሥራት ሲጀምርም አስተሳሰቡ የጠጋኝ አስተሳሰብ እንደሆነ ቀረ። በ1950 ብሮድካስተር ተብሎ የወጣውና በ1951 ቴሌካስተር የተባለው ጊታር፣ ቀጥሎም በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር፣ አንገታቸው ከገላቸው ጋር የተያያዘው በኮላ ሳይሆን በአራት ብሎን ነበር። በስትራቶካስተር ላይ ሦስቱ ፒካፖች፣ መቀያየሪያውና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ በአንድ የፕላስቲክ ገበታ ላይ ተሰክተው ስለሚገኙ፣ ብሎኖቹ ሲፈቱ መላው ኤሌክትሪካዊ ክፍል አንድ ላይ ይነሣል። የጥንቱ የቫዮሊን ሠሪዎች ቢያዩት ያፍሩበት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ለመሐንዲስ ግን የሚያስደስት ሥራ ነው።

በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1952 ያወጣው ሌስ ፖል የተባለው ጊታር በእንጨት ሠራተኛ ጥበብ የተሠራ፣ ፊቱ ተቀርጾ የተጠረበ፣ አንገቱም በኮላ የተጣበቀ ነበር። ይሁንና ከኤሌክትሪክ በኩል ትልቁን እርምጃ የወሰደው ይኸው ፋብሪካ ነው። አንድ ጥቅል ያለው ፒካፕ ከአውታሩ ሌላ የመብራት መሥመሩንም 60 ሄርዝ፣ በእኛ አገር ደግሞ 50 ሄርዝ፣ እየለቀመ ያጉረመርማል። የፋብሪካው መሐንዲስ ሴት ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአንዱን ማግኔትም የሽቦውንም አቅጣጫ ገለበጠው። ከውጭ የሚመጣው ጉርምርምታ በሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ሆኖ ሲጣፋ፣ የአውታሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ይደመራል። ለዚህ ሥራ የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1955 ሲሆን፣ ሃምበከር የተባለው ይህ ፒካፕ ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ላይ ተገጠመ። ድምፁ ወፍራምና ኃይለኛ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለፋብሪካ ሰዎች ትምህርት ሊሆን የሚችል ነው። የሌስ ፖል ገበያ ስለቀዘቀዘ ጊብሰን በ1961 ቀደም ሲል የነበረውን ወፍራም ቅርጽ ትቶ በቀጭን ተካው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ኤሪክ ክላፕተን የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት ከጆን ማዮል ጓድ ጋር ባሳተመው ሸክላ ላይ ያረጀ ሌስ ፖል በማርሻል አምፕሊፋየር እጅግ አጉልቶ ተጫወተ። ሃምበከሩ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ ሲገፋው የሚወጣው የተንዛዛ ጩኸት የዘመኑን ጆሮ ማረከው፤ ሁሉም አሮጌውን ጊታር መፈለግ ጀመረ። ጊብሰንም በ1968 ያቆመውን መልሶ ለመሥራት ተገደደ። ጊታሩ ከፋብሪካ የወጣው ፈላጊው ሊመጣ ሲል ነበር ማለት ነው።

ፌንደርም ቢሆን ከስሕተት አልዳነም። በ1958 ለጃዝ ተጫዋቾች ብሎ ጃዝማስተርን አወጣ፤ ለብቻው የድምፅ መቆጣጠሪያ ያለው ሁለተኛ ወረዳም አበጀለት። በ1962 የተከተለው ጃጓር ከዚህ የበለጠ መቀያየሪያ ነበረው። የጃዝ ሰዎች ግን ባዶ ሆድ ያለውን ጊታራቸውን አልለቀቁም። ጃጓር በ1975፣ ጃዝማስተር በ1980 መሠራታቸው ቆመ። የሚያስገርመው፣ ዋጋቸው ስለወደቀ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገንዘብ ያነሳቸው ወጣቶች ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ እየገዙ ሠሪው ጨርሶ ላላሰበው ሙዚቃ አዋሏቸው።

ስትራቶካስተርን እስቲ እንመልከት። መቀያየሪያው ሦስት ቦታ ብቻ ስለነበረው በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ፒካፕ ነበር። ተጫዋቾች ግን መቀያየሪያውን በሁለት ቦታዎች መካከል ሲያቆሙት ሁለት ፒካፖች አብረው እንደሚሠሩ አገኙ፤ ከዚያም የሚወጣው ድምፅ እንደ ብርጭቆ የጠራና መሐሉ ባዶ የሚመስል ነው። ብዙ ሰው ይህን የሁለቱ ፒካፖች አቅጣጫ በመቃረኑ የመጣ ነው ይላል። አይደለም። ሁለቱ አቅጣጫቸው አንድ ሆኖ በትይዩ የተያያዙ ናቸው፤ ባዶነቱ የሚመጣው ከአንድ አውታር በሁለት ስፍራ የተለቀመው ርግብግቢት ሲደመር አንዳንዱ ድግግሞሽ ስለሚዳከም ነው። ፋብሪካው በ1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲ.ቢ.ኤስ. ኩባንያ ተሸጦ፣ አምስት ቦታ ያለውን መቀያየሪያ ራሱ የገጠመው በ1977 ነው። ተጫዋቹ በጣቱ ያገኘውን ፋብሪካው ለመቀበል 23 ዓመት ፈጀበት።

የጆሮ መለዋወጥን በአንድ ሰው ላይ ለማየት የፈለገ እንደገና ወደ ክላፕተን ይመለስ። ሌስ ፖልን ለዓለም ያስወደደው ይኸው ሰው በ1970 በናሽቪል ከተማ ስድስት ያገለገሉ ስትራቶካስተሮች ገዛ። ሦስቱን ለወዳጆቹ ሰጥቶ፣ ከቀሩት ሦስት ምርጥ ምርጡን ክፍል ፈትቶ አንድ ጥቁር ጊታር ገጣጠመ። በዚሁ ጊታር እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ተጫውቶበታል፤ በ2004 ለጨረታ ሲቀርብም 959,500 ዶላር አውጥቷል። በኮላ በተጣበቀ ጊታር እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት መጋዝ ያስፈልግ ነበር።

ኤድዋርድ ቫን ሄለን ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለውን ገላና አንገቱን ለየብቻ ገዝቶ፣ ከጊብሰን ጊታር የተነቀለ ሃምበከር አውታሩ በታሰረበት ጫፍ በኩል ገጠመለት። በ1978 በወጣው የመጀመሪያ ሸክላው የተሰማው የሁለት ተቀናቃኝ ፋብሪካዎች ሥራ በአንድ እንጨት ላይ ተጋብቶ ነው። በ1980ዎቹ ብዙ ሠሪዎች ይህን መንገድ ተከትለው፣ በጫፉ በኩል አንድ ሃምበከር፣ በመሐልና በአንገቱ በኩል ሁለት ነጠላ ፒካፕ ያለውን ጊታር ለገበያ አቀረቡ።

ጉዳዩ ለአገራችን ሙዚቃም እንግዳ አይደለም። ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር ሲጫወት፣ ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ እስከ አስቴር አወቀ ድምፃቸው የማይመሳሰል ብዙ ድምፃውያንን ያጅብ ነበር። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ያለ ጊታር አንዴ ትዝታን እንደ ክራር ነጠል ነጠል አድርጎ ማሰማት፣ አንዴ ደግሞ ከነሐስ መሣሪያዎቹ ሥር ሆኖ ምት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ዓይነቱ አጃቢ መለዋወጥ የዕለት እንጀራው ነው።

ስለዚህ ምርጫውን የሚጠይቀኝ ባልደረባ ቢኖር፣ አንገቱ በብሎን የተያያዘውን፣ ሁለት ነጠላ ፒካፕና አንድ ሃምበከር ያለውን፣ ሃምበከሩም በአንድ ጥቅል ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ መቀያየሪያ የተገጠመለትን እመርጥለታለሁ። ገበታው ተነሥቶ ውስጡ እንዲታይም ሻጩን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። አንድ የማይቀር ችግር ግን ያገኛል። በተለመደው አሠራር ነጠላ ፒካፕ የ250 ኪሎ ኦም፣ ሃምበከር የ500 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ይገጠምለታል። ሁለቱ በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ሲውሉ በ250ው ሃምበከሩ ይደበዝዛል፤ በ500ው ደግሞ ነጠላዎቹ ጆሮ ይወጋሉ። የ500ውን ገጥሞ፣ ነጠላዎቹ በተመረጡ ጊዜ ብቻ ሌላ ሬዚስተር በትይዩ እንዲገባ ማድረግ የአንድ ቀትር ሥራ ነው።