በጫና መተብተብ፦ የሳተ ሁሉ አልተተበተበም

በስፖርት ሥነ ልቦና «ቾኪንግ» የሚባል ቃል አለ። ቃል በቃል ሲፈታ መታነቅ ማለት ነው። በሙያው ግን፣ ችሎታው በእርግጥ ያለው ተወዳዳሪ ውጤት እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ከገዛ ራሱ ደረጃ በግልጽ ወርዶ ሲገኝ የሚነገር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ጉዳዩን በሙከራ መርምሮ ካሳተመ ወዲህ የጥናት መጠሪያ ሆኗል። በአማርኛ «በጫና መተብተብ» ብንለው ሐሳቡን ይይዛል። ንግግር አዋቂ ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ አንደበቱ ሲያያዝበት ምላሱ ተተበተበ እንላለን፤ ሜዳ ላይ የሚተበተበው እጅና እግር ነው።

ቃሉ ከፍርሃት ጋር መምታታት የለበትም። ልቡ እየመታ፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ ኳሷን ከመረብ የሚያገናኝ ተጫዋች ፈርቷል፤ አልተተበተበም። ከአቅም ማነስም ይለያል፤ መጀመሪያውኑ ያልቻለ ሰው የሚወርድበት ከፍታ የለውም።

ጎልፍ ይህን ነገር አጉልቶ ያሳያል። ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፣ የሚጋፋ ተከላካይ የለም፣ ተጫዋቹ ለማሰብም ለመጨነቅም ሰፊ ጊዜ አለው። የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ2011 በታላቁ የማስተርስ ውድድር የመጨረሻውን ቀን በ4 ምት ልዩነት እየመራ ጀመረ። ዕድሜው ገና 21 ነበር። የዚያን ቀን ጨዋታ ለመጨረስ 80 ምት ፈጀበትና 15ኛ ደረጃን ተጋርቶ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዓለም ምርጦች በላይ የተጫወተ ልጅ በአንድ ከሰዓት እንዲህ ሲወርድ፣ ተተበተበ ማለት ያስኬዳል። ነገር ግን ይኸው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ በ8 ምት ልዩነት ወሰደ። መተብተብ በአንድ ሰዓት ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ የሰው ጠባይ አድርጎ መመዝገብ ስህተት ነው።

ተመራማሪዎች መነሻውን በሁለት መንገድ ያስረዳሉ። አንዱ የሐሳብ መበተን ነው፦ «ብስትስ? ምን ይሉኛል?» የሚለው ጭንቀት ለሥራው የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማል። ሁለተኛው ከልክ ያለፈ ራስን መቆጣጠር ነው። ለዓመታት የተለማመዱት እንቅስቃሴ ሳያስቡት ይሄዳል። ጫናው ሲበረታ ግን ተጫዋቹ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ እጁን እንዴት እንደሚያዞር አንድ በአንድ ማሰብ ይጀምራል፣ ያኔ ቅንብሩ ይፈርሳል። ሲያን ባይሎክና ቶማስ ካር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ ጀማሪዎችን የጎልፍ ኳስ ወደ ጉድጓድ መምታት አለማመዱ። በካሜራ እየተቀረጹ የተለማመዱት በኋላ ጫና ሲመጣባቸው አልወረዱም፤ በተለመደው መንገድ የተለማመዱት ግን ወረዱ።

አሁን ቃሉን በራሳችን ታሪክ እንፈትነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። የመታው የ24 ዓመቱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጅ ሳላዲን ሰኢድ ነበር፤ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ቆይቶ የኢትዮጵያው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ኮሊንስ ምቤሱማም ዛምቢያን መሪ አደረገ። በ10 ሰው የቀረው ቡድናችን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ።

ታዲያ ሳላዲን ተተበተበ? ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው። ችሎታው ነበረው? አዎ። ሰዓቱ ከባድ ነበር? ከዚያ የከበደ ለማግኘት ያዳግታል። ከራሱ ደረጃ መውረዱን የሚያሳይ፣ ሌላ ምክንያት የማይገኝለት ማስረጃስ አለ? የለም። ፍጹም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ይገባል፣ የቀረው ይሳታል ወይም ይድናል፤ ምርጥ የሚባሉትም ከዚህ አያመልጡም። በአንዲት ምት ብቻ የሰውን ደረጃ መለካት አይቻልም። ከፊቱ የቆመው ምዊኔም ተራ ግብ ጠባቂ አልነበረም፤ ከአራት ቀን በኋላ ናይጄሪያ ላይ ራሱ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ ቡድኑን አቻ ያደረገ ሰው ነው።

ከዚህም በላይ የሦስት ወር ታሪክ ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ የተመለሰው ቡድናችን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ከሜዳው ውጪ ባገባቸው ግቦች ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈ። አንዷን ግብ አዳነ፣ ሌላዋን ሳላዲን አስቆጠሩ። የአገር ሁሉ ዓይን ያረፈበት፣ የ31 ዓመት ናፍቆት የተጫነው ቀን ነበር፤ ልጁም አልተተበተበም። ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው፦ ኔልስፕሩት ላይ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ተተበተበ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

ይህ በሳላዲን ክልል ላሉት ለአሶሳና ለባምባሲ ታዳጊዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። በ15 ዓመቱ «ፈሪ» የተባለ ልጅ በቀጣዩ ጨዋታ ኳሷን ሳይሆን ስሙን እያሰበ ይመታል፤ ስያሜው ራሱ መተብተብን ይወልዳል። አሠልጣኞች ማድረግ የሚችሉት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በልምምድ ማብቂያ ላይ ቡድኑ ሁሉ ቆሞ እያየ አንድ ልጅ አንዲት ምት እንዲመታ ማድረግ፣ ጫናን ከጨዋታው ቀን በፊት ያለማምዳል። ኳሷን ማስቀመጥ፣ ወደ ኋላ መራመድ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ የመረጡትን ማዕዘን አለመቀየር የዘወትር ሥርዓት ይሁን። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጋይር ዮርዴት በታላላቅ ውድድሮች የመለያ ምቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ፊሽካው እንደተነፋ የሚጣደፉት ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይቷል።

ተንታኞችም ተመልካቾችም ልጅ ሲስት ሦስቱን ጥያቄዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ካልተሟሉ «ሳተ» በሉ፤ ይበቃል።