ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ማን ጻፈው?

በዛሬው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፍልስፍናን መምህራን ከሚያከራክሩት ጥያቄዎች አንዱ የሚመለከተው እኛኑ ነው፤ ይኸውም «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለውን የግዕዝ ድርሰት በእውነት የጻፈው ማን ነው የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ድርሰቱ ስለ ራሱ እንደሚናገረው፥ ደራሲው በአክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ የተወለደ የቅኔና የመጻሕፍት መምህር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ በጠላት ተከሶ ሸሸ፤ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ኋላም በእንፍራዝ ከሀብቱ ባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትንም አገባ። ከዋሻው ይዞት የወጣው አሳብ እጅግ ደፋር ነው። የሃይማኖት መምህራን እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ዳኛው እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና መሆኑን፥ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆኑን፥ ምንኵስናም ከጋብቻ እንደማይበልጥ ይናገራል። ድርሰቱ በ1667 ተጻፈ ከተባለ፥ ደራሲው የዴካርት ዘመን ሰው ነው ማለት ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከብራናው ነው። ሥራው የሚታወቀው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚገኙ ሁለት ጽሑፎች ነው። ሁለቱም የመጡት በቤጌምድር ይኖር ከነበረው ከኢጣልያዊው ካፑቺን ሚሲዮናዊ ከአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፥ ከሁለቱ አንዱ የተጻፈው በራሱ በጁስቶ እጅ ነው። እርሱም ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት፤ በ1856 በካርቱም ሞተ።

ቱራየፍና ሊትማን በ1904 አካባቢ ድርሰቱን አሳትመው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፥ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን አልተጠራጠሩም። በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ። ማስረጃው የአባ ተክለ ሃይማኖት ምስክርነት ነበር፤ ጁስቶ ከመመንኰሱ በፊት ስሙ ያዕቆብ፥ በኢጣልያንኛው ያኮፖ፥ መሆኑንም ጠቀሰ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1935 ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ዕድገት ብቁ አይደለችም ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ነገሩን በዚሁ ልንዘጋው እንወዳለን። ነገር ግን የሰውየው ፖለቲካ ክፉ መሆን ማስረጃውን ሐሰት አያደርገውም። ጀርመናዊው ሚትቮኽም በ1934 ከእርሱ ጋር ተስማምቷል።

በተቃራኒው ከ1953 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። የድርሰቱን ግዕዝ ጁስቶ ከፈረንሳይኛ ወደ ግዕዝ ከመለሰው ሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያይተው፥ ሁለቱ ከአንድ ብዕር ሊወጡ አይችሉም አሉ። አለማየሁ ሞገስም በግዕዝ ዕውቀታቸው ኢትዮጵያዊነቱን ተከራክረውለታል። የቋንቋ ሚዛን ከስም ሚዛን የበለጠ ይመስለኛል፤ የያዕቆብ ስም በአገራችን ምን ያህል እንደሚበዛ ማን ያጣዋል!

ሆኖም ነገሩ አላለቀም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን በ2013 የጁስቶን ደብዳቤዎች መርምራ የኮንቲ ሮሲኒን አሳብ አጠናከረች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ሥራውን የጁስቶ ነው ይሉ የነበሩት፥ በ2017 መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሆኖ ጁስቶ የጨማመረበት ነው ወደሚል መካከለኛ አሳብ ተመለሱ። በ2022 በኦክስፎርድ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተደረገ፤ በ2023ም አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታተመ።

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ የተዘነጋው የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታ ነው። እርሱ ከመምህሩ ድርሰት የሚረዝም፥ በተረትና በምክር የተሞላ፥ የእጅ ሥራን የሚያከብር ጽሑፍ ነው። የሁለቱ ድምፅ የተለያየ መሆኑን ያነበበ ሁሉ ይመሰክራል። ጁስቶ ጻፈው የሚል ሰው ሁለት ደራሲ መስሎ የጻፈበትን ምክንያት ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህን ክፍል በደንብ የሚመረምር የግዕዝ ተማሪም ገና ሰፊ ሥራ ይጠብቀዋል።